መጀመሪያ ደቂቃው፦ ውጭ አገር መጫወት ለሚፈልግ አጥቂ

አንድ ክለብ ከሌላ አገር አጥቂ ሲያስፈርም የሚፈልገው ጎል ነው። ተከላካይ ከአዲሱ ቡድን ጋር እስኪግባባ ይታገሱታል። አጥቂ ግን አምስትና ስድስት ጨዋታ ጎል ሳያገባ ከቆየ ተጠባባቂ ወንበር ይጠብቀዋል። በዚያ ላይ ብዙ ሊጎች የውጭ ተጫዋቾችን ቁጥር ይገድባሉ። በደቡብ አፍሪካ ፕሪሚየር ሊግ ለምሳሌ ለአንድ ክለብ የሚፈቀዱት አምስት ናቸው። ከአምስቱ ቦታ አንዱን የያዘ አጥቂ ከአገሬው ልጅ ጋር እኩል ቢሆን አይበቃውም፤ በልጦ መገኘት አለበት።

ስለዚህ በዚህ መመሪያ ውስጥ ያለው ምክር ሁሉ አንድ ጥያቄ ላይ ያርፋል፦ «እዚያ ብሄድ እጫወታለሁ ወይ?» ደመወዝ፣ የአገሩ ስምና የክለቡ ዝና ከዚህ ጥያቄ በኋላ ይመጣሉ። የሚጫወት አጥቂ ጎል ያገባል፤ ጎል ያገባ አጥቂ ደግሞ ቀጣዩን ውል በተሻለ ዋጋ ይፈርማል። (በጽሑፉ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

1. ወረቀትህን ከአሁኑ አስተካክል

ብዙ ዝውውር የሚጓተተው ሜዳ ላይ ሳይሆን ቢሮ ውስጥ ነው። ፓስፖርትህ፣ የልደት ካርድህ፣ የክለብህ መታወቂያና ፌዴሬሽኑ ዘንድ ያለው ምዝገባህ አንድ ዓይነት ስምና አንድ ዓይነት የልደት ቀን መያዝ አለባቸው። የእኛ የዘመን አቆጣጠር ከአውሮፓውያኑ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ስለሚለይ፣ በግዴለሽነት የተለወጠ የልደት ቀን ዕድሜህን በአንድ ዓመት ሊያዛንፈው ይችላል። ስምህም በላቲን ፊደል በየወረቀቱ በተለያየ መንገድ ተጽፎ ከሆነ በፓስፖርቱ ላይ ባለው አጻጻፍ አስተካክለው። ዕድሜህን ቀንሰህ ለማስጻፍ አታስብ። አንዴ ከተደረሰበት እገዳ ያመጣል፤ አብሮህ የሚሄደው የ«ዋሾ» ስም ደግሞ ከእገዳው ይረዝማል።

ከ12 ዓመትህ ጀምሮ የተጫወትክባቸው ክለቦች በምዝገባህ ላይ መኖራቸውንም አረጋግጥ። ተጫዋች ውሉ ሳያልቅ ከአገር ወደ አገር በክፍያ ሲዛወር፣ በፊፋ ደንብ መሠረት የዝውውሩ ክፍያ 5 በመቶ ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ላሠለጠኑት ክለቦች ይከፋፈላል። ምዝገባው ከሌለ ያሳደገህ የሰፈር ክለብ ድርሻውን ያጣል።

ዕድሜህ ከ18 በታች ከሆነ ደግሞ እወቀው፤ ፊፋ ለአካለ መጠን ያልደረሱ ተጫዋቾችን ዓለም አቀፍ ዝውውር ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በስተቀር ይከለክላል። ዋናው ልዩ ሁኔታ ወላጆች ከእግር ኳስ ጋር በማይገናኝ ምክንያት አገር ሲቀይሩ ነው። «አስራ ስድስት ዓመቱ ነው፤ አውሮፓ ክለብ አገኘንለት» ብሎ ቤተሰብህን የሚያነጋግር ሰው ወይ ደንቡን አያውቅም፣ ወይ አውቆ ይዋሻል። የቀድሞው ካሜሩናዊ ተጫዋች ዣን ክሎድ ምቩሚን ፉት ሶሊዴር የተባለውን ድርጅት የመሠረተው በእንዲህ ዓይነት ሰዎች ተታለው በአውሮፓ ጎዳናዎች ላይ የተጣሉ አፍሪካውያን ልጆችን ለመርዳት ነው።

2. ምን ዓይነት አጥቂ እንደሆንክ አሳይ

«ሁሉንም እችላለሁ» የሚል አጥቂ ለመልማይ አይመችም። ክለብ የሚፈልገው የጎደለውን ነው። ጀርባውን ለግብ ሰጥቶ ኳስ የሚይዝ፣ ከተከላካይ ጀርባ የሚሮጥ፣ ከመስመር ወደ ውስጥ የሚገባ ወይም ቅጣት ክልል ውስጥ አንድ ንክኪ የሚበቃው፤ አንተ ከእነዚህ የትኛው ነህ? አሰልጣኝህን ጠይቅ፤ ሁለት አብረውህ የሚጫወቱ ተከላካዮችንም ጠይቅ። የምትከብዳቸው በምን እንደሆነ ከማንም በላይ እነሱ ያውቃሉ።

ከዚያ ቪዲዮህን አዘጋጅ፦

- ከአራት እስከ አምስት ደቂቃ ይበቃል። ከሁሉ የተሻለውን እንቅስቃሴ በመጀመሪያው ግማሽ ደቂቃ ውስጥ አስገባ።
- እያንዳንዱ ቅንጭብ ኳሱ እግርህ ከመድረሱ ጥቂት ሰከንድ ቀድሞ ይጀምር። ባለሙያ ማየት የሚፈልገው ቦታ እንዴት እንደምትይዝ ነው፤ ጎሉን ማንም ያያል።
- ኳስ ስትነጠቅ የምታደርገውን አሳይ። ተከላካይን ተጭኖ የሚያስጨንቅ አጥቂ ጎል ባጣበት ሳምንትም ቦታ አያጣም።
- ሙዚቃና ጌጣጌጥ ተው። በጎንህ ካሉት እንድትለይ ቀስት ወይም ክብ ምልክት ብቻ አድርግ።
- ያልተቆረጡ ሁለት ሙሉ ጨዋታዎች አያይዝ። አንዱ በጠንካራ ተጋጣሚ ላይ ይሁን።

የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ በ2020/21 ውድድር ዘመን በሱፐርስፖርት መተላለፍ መጀመሩ ለዚህ ትልቅ በር ከፍቷል። አቡበከር ናስር በዚያው ዘመን ለኢትዮጵያ ቡና 29 ጎል አግብቶ የሊጉን ክብረ ወሰን ሲሰብር ደቡብ አፍሪካ ያሉ ክለቦች ጨዋታውን በራሳቸው ቴሌቪዥን ያዩት ነበር። በ2022 ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ወሰደው።

3. መሰላሉን ምረጥ

ከዚህ ሁሉ ደረጃ ብዙ ማሰብ የሚጠይቀው ይኸኛው ነው። እንግሊዝን እንደ መጀመሪያ ማረፊያ አታስብ። የእንግሊዝ የሥራ ፈቃድ በነጥብ ይሰጣል፤ የብሔራዊ ቡድን ጨዋታ ነጥብ የሚያስገኘው ቡድኑ በፊፋ ደረጃ ከ1 እስከ 50 ውስጥ ሲሆን ነው፤ የእኛ ቡድን ለዓመታት ከዚያ በጣም ርቋል። ይህ ግን መንገዱ ዝግ ነው ማለት አይደለም፤ በሌላ አገር በኩል ይዞራል ማለት ነው።

የታንዛኒያውን አጥቂ ምብዋና ሳማታን ተመልከት። ከሲምባ ተነስቶ በ2011 ወደ ኮንጎው ቲፒ ማዜምቤ ሄደ። እዚያ ዓመታት ተጫውቶ በ2015 የአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግን አነሳ፤ በአፍሪካ ውስጥ ከሚጫወቱት ምርጡም ተባለ። በ2016 ቤልጂየም ሄንክ ገባ፤ በ2018/19 ክለቡ ሻምፒዮን ሲሆን ሳማታ በሊጉ ከ20 ጎል በላይ አገባ። ጥር 2020 አስቶን ቪላ ሲያስፈርመው በእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ የተጫወተ የመጀመሪያው ታንዛኒያዊ ሆነ። ዘጠኝ ዓመት የፈጀ ጉዞ ነው፤ በየደረጃው ግን ዋና ተሰላፊ ነበር።

ከእኛ ልጆችም መንገዱን የጀመሩት አሉ። ሳላዲን ሰኢድ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ወደ ግብጹ ዋዲ ዴግላ አመራ። ዋዲ ዴግላና የቤልጂየሙ ሊርስ ያኔ አንድ ባለቤት ስለነበራቸው ወደ አውሮፓ የሚያሻግር በር አገኘ፤ በኋላም ለአል አህሊና ለአልጄሪያው ሙሉዲያ ተጫውቷል። ጌታነህ ከበደ ሰኔ 2013 ደቡብ አፍሪካ ላይ ጎል ካገባ ብዙም ሳይቆይ ወደ ጆሃንስበርጉ ቢድቬስት ዊትስ ሄደ። ፍቅሩ ተፈራ በደቡብ አፍሪካ ከተጫወተ በኋላ ሕንድ ገባና ጥቅምት 12 ቀን 2014 በኢንዲያን ሱፐር ሊግ ታሪክ የመጀመሪያውን ጎል ለአትሌቲኮ ዴ ኮልካታ አስቆጠረ። ሎዛ አበራ በማልታው ቢርኪርካራ የሊጉ ሻምፒዮን ሆነች፤ በ2024 ደግሞ ወደ አሜሪካው ዲሲ ፓወር አቀናች። ማልታ በብዙዎች የምኞት ዝርዝር ውስጥ የለችም፤ ለአጥቂ ግን በየሳምንቱ የምትሰለፍበት ሊግ ነው የሚጠቅማት።

ክለብ ሲጠይቅህ እነዚህን አምስት ነገሮች አጣራ፦

- ባለፈው ዓመት ዋናው አጥቂ ስንት ደቂቃ ተጫወተ? ስንት ጎል አገባ? አሁንም እዚያ አለ?
- የውጭ ተጫዋች ኮታው ሞልቷል ወይ? ከሞላ አንተን ለማስመዝገብ ማን ይወጣል?
- አሰልጣኙ የሚጫወተው በአንድ አጥቂ ነው ወይስ በሁለት? አንተን የጠየቀው እሱ ነው ወይስ የክለቡ ፕሬዚዳንት? ፕሬዚዳንቱ ብቻ ከሆነ ተጠንቀቅ።
- ክለቡ ደመወዝ በጊዜው ይከፍላል? ፊፋ አዲስ ተጫዋች እንዳያስመዘግቡ የታገዱ ክለቦችን ዝርዝር በድረ ገጹ ያወጣል፤ አብዛኛው እገዳ ከዕዳ ጋር የተያያዘ ነው። የክለቡን ስም እዚያ ፈልግ።
- የውድድር ዘመኑ መቼ ይጀምራል? የስዊድን ሊግ ከፀደይ እስከ መኸር ስለሚካሄድ በነሐሴ የሚገባ አጥቂ ግማሽ ያለፈ ውድድር ላይ ይደርሳል።

4. ወኪሉንና ግብዣውን መርምር

ወኪል የፊፋ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። ፈቃዱ በፈተና የሚገኝ ነው፤ ስሙን ፊፋ በሚያወጣው ዝርዝር ውስጥ ራስህ ፈልግ። ከተጫዋች ጋር የሚፈረም የውክልና ውል ከሁለት ዓመት መብለጥ አይችልም፤ «ለአምስት ዓመት ፈርም» የሚልህ ካለ ወረቀቱን መልስለት። የአጎትህ ጓደኛ ወይም የቀድሞ ተጫዋች መሆኑ ፈቃድ አይተካም።

የሙከራ ግብዣ ሲመጣ፦

- ደብዳቤው በክለቡ ማኅተምና በኃላፊ ፊርማ የወጣ፣ የሙከራውን ቀን፣ ማረፊያውንና ወጪውን የሚሸፍነውን አካል የሚገልጽ ይሁን።
- ደብዳቤው ላይ ባለው ስልክ ብቻ አትመን። በክለቡ ይፋዊ አድራሻ በኩል፣ ከተቻለም በፌዴሬሽናችን አማካይነት አረጋግጥ።
- «ለሙከራ ቦታ መያዣ» ተብሎ የሚጠየቅ ገንዘብ አትክፈል። ቤት አስይዞ፣ በሬ ሸጦ ልጁን የሚልክ ቤተሰብ የአጭበርባሪዎች ዋና ገቢ ነው።
- መልስ ትኬት ሳትይዝ አትሂድ። ቪዛው ካለቀ በኋላ በሕገወጥ መንገድ መቆየት ለቀጣዩ ዝውውርህ እንቅፋት ይሆናል።
- ታመህ ከሆነ ሙከራውን ወደ ሌላ ጊዜ አዛውር። ቪክቶር ኦሲምሄን በ2018 ወባ ይዞት ከቆየ በኋላ በሁለት የቤልጂየም ክለቦች ሞክሮ አልተቀበሉትም። ሦስተኛው ሻርለርዋ ነበር፤ እሱ ወሰደው።

5. ውሉን በሚገባህ ቋንቋ አንብብ

በማታነበው ቋንቋ የተጻፈ ውል ላይ አትፈርም። ተርጓሚ ቅጠር፤ የሚከፈለው ገንዘብ ከሚያድንህ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው። እነዚህን ፈልግ፦

የውሉ ዘመን። በፊፋ ደንብ የባለሙያ ተጫዋች ውል ከፍተኛው አምስት ዓመት ነው፤ ከ18 በታች ላሉት ሦስት። ውልህ ሊያልቅ ስድስት ወር ሲቀረው ከሌላ ክለብ ጋር በነጻነት መፈራረም ትችላለህ። ለወጣት አጥቂ ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ብዙ ጊዜ ይመቻል፤ ለመለመድ ይበቃል፤ ካልተሳካም እስር ቤት አይሆንም።

የጤና ምርመራና የሥራ ፈቃድ። «ውሉ የሚጸናው ምርመራውን ካለፈ ነው» ወይም «ፈቃድ ካገኘ ነው» የሚል አንቀጽ በፊፋ ደንብ አይፈቀድም። ስለዚህ ምርመራው ከፊርማው በፊት ይለቅ።

ደመወዙና ገንዘቡ። የተጻፈው ቁጥር ከግብር በፊት ነው ወይስ በኋላ? በምን ገንዘብ? የግብጽ ፓውንድ መጋቢት 2024 አንድ ዶላር በ31 ገደማ ከሚመነዘርበት በአጭር ጊዜ ወደ 50 ሲያሽቆለቁል፣ ውሉ በፓውንድ የነበረ የውጭ ተጫዋች እግሩን ሳያነሳ ከገቢው ሲሶ በላይ አጣ። በዶላር መጻፍ ካልተቻለ ምንዛሪው ሲወርድ ደመወዙ የሚስተካከልበት አንቀጽ ጠይቅ።

የጎል ጉርሻ። ለጎል ብቻ አታስጽፍ፤ ለተሰለፍክበት ጨዋታና ላቀበልከው ለጎል የሚሆን ኳስም አስጽፍ። ክለቡ ጉርሻ ላለመክፈል ብሎ ወንበር ላይ እንዳያስቀምጥህ ጣሪያው መጠነኛ ይሁን።

ውሰት። በቂ ደቂቃ ካላገኘህ በሚቀጥለው የዝውውር መስኮት በውሰት እንድትወጣ የሚያስገድድ አንቀጽ ለአጥቂ ከፊርማ ገንዘብ ይበልጣል።

ቤት፣ ትኬት፣ ሕክምና። በዓመት ስንት ጊዜ ወደ አገር ቤት ትኬት፣ ቤት ኪራይ እስከ ስንት፣ ጉዳት ቢደርስ ደመወዙ እንደሚቀጥል፣ የቀዶ ሕክምና ወጪ የማን እንደሆነ ይጻፍ። ለሴት ተጫዋቾች የፊፋ ደንብ ቢያንስ 14 ሳምንት የሚከፈልበት የወሊድ ፈቃድ ይሰጣል፤ ውሉ ከዚያ ያነሰ እንዳይል አይተሽ ፈርሚ።

ክለቡ ቢያንስ የሁለት ወር ደመወዝ ካስቀረብህ በጽሑፍ አስጠንቅቀህ 15 ቀን ከሰጠኸው በኋላ ውሉን የማቋረጥ መብት አለህ። ክርክሩን የሚያየው የፊፋ የውዝግብ መፍቻ ምክር ቤት ነው፤ ለተጫዋች ያለ ዳኝነት ክፍያ ነው፤ አቤቱታው ግን በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። የደመወዝ ደረሰኝህን፣ የባንክ መግለጫህንና የስልክ መልእክቶችህን አታጥፋ።

6. የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት በዕቅድ ኑር

ቋንቋውን ከሜዳው ጀምር። «ሰው አለብህ»፣ «ዙር»፣ «ጊዜ አለህ»፣ «ጀርባውን»፣ «አንደኛው ቋሚ» የሚሉትን በአረብኛም ሆነ በፈረንሳይኛ በመጀመሪያው ሳምንት ያዝ። ኳስ የሚያሻግርልህን የመስመር ተጫዋች ከልምምድ በኋላ አስቀርተህ ሃያ ኳስ አብራችሁ ሥሩ። አጥቂን የሚያኖረው አቀባዩ ነው።

ከአየሩ ጋር ተላመድ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አካባቢ ናት፤ ካይሮ ወይም ዳሬሰላም ስትደርስ ትንፋሽህ ይረዝማል፤ ሙቀቱና ወበቁ ግን ውኃህን ይጨርሰዋል። ኳሱም በዝቅተኛ ቦታ ቀስ ብሎ ስለሚበርር የተሻጋሪ ኳስ ጊዜህ ይዛነፋል። በልምምድ አስተካክለው።

ጾምህን ለክለቡ ሐኪም ቀድመህ ንገር። ዓቢይ ጾም በብዙ ሊጎች ወሳኙ ወቅት ላይ ይውላል፤ ረመዳንም እንዲሁ በየዓመቱ ይዘዋወራል። ሐኪሙ ካወቀ በምስር፣ በሽምብራ፣ በለውዝ የሚተካ የምግብ ዕቅድ ያወጣልሃል፤ ሙስሊም ከሆንክም ልምምዱን ከአፍጥር ሰዓት ጋር ማጣጣም ይቻላል። ካላወቀ ግን የሚያየው ስድሳኛው ደቂቃ ላይ የደከመ አጥቂ ነው።

ከተማው ውስጥ ሐበሻ መኖሩ ደስ ይላል፤ ሽሮና ቡና ናፍቆትን ያስታግሳል። ሆኖም ከጨዋታ በፊት ባለው ቀን ግብዣ አለመቀበልን ከመጀመሪያው ሳምንት አስለምዳቸው።

7. ጎል ሲጠፋ አትደበቅ

ሁሉም አጥቂ የሚደርቅበት ጊዜ አለው። መጀመሪያ ምክንያቱን ለይ። ቅጣት ክልል ውስጥ ኳስ እየነካህ የምትስት ከሆነ ችግሩ ማጠናቀቅ ነው፤ ይመለሳል። ኳሱ ጭራሽ የማይደርስህ ከሆነ የቦታ አያያዝህን ወይም የቡድኑን አጨዋወት ከአሰልጣኙ ጋር ተነጋገር። የማትሰለፍ ከሆነ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፤ መፍትሔው መውጣት ነው።

ትልልቆቹም ወጥተዋል። መሐመድ ሳላህ ቼልሲ ውስጥ ሲቀመጥ በ2015 በውሰት ፊዮረንቲና ሄደ፤ ከዚያ ሮማ፤ ከዚያ ሊቨርፑል፤ በ2017/18 በአንድ ውድድር ዘመን 32 የሊግ ጎል አገባ። ከኤርትራውያን ወላጆች ስዊድን የተወለደው አሌክሳንደር ኢሳክ በዶርትሙንድ ቦታ ሲያጣ በ2019 በውሰት ለሆላንዱ ቪለም ሁለት በ16 የሊግ ጨዋታ 13 ጎል አስቆጠረ። ኦሲምሄን በቮልፍስቡርግ አንድም ጎል አላገባም፤ ሻርለርዋ ላይ ግን በአንድ ዓመት 20፤ በ2022/23 ደግሞ ናፖሊን በ26 ጎል ሻምፒዮን አደረገ። ሦስቱም ከትልቅ ስም ወርደው የሚጫወቱበትን መረጡ።

ደንቡንም እወቅ። በአንድ ውድድር ዘመን ከክለብህ ይፋዊ ጨዋታዎች ከ10 በመቶ በታች ብቻ የተሰለፈ፣ ስሙን ያስጠራ ባለሙያ ከመጨረሻው ጨዋታ በኋላ ባሉት 15 ቀናት ውስጥ በስፖርታዊ ምክንያት ውሉን ማቋረጥ ይችላል፤ ካሳ ሊጠየቅ ስለሚችል ግን ያለ ሕግ ባለሙያ አትሞክረው። ቡድን ለመለወጥም አትቸኩል፤ በአንድ ውድድር ዘመን ቢበዛ ለሦስት ክለብ መመዝገብ ይቻላል፤ በይፋዊ ጨዋታ መሰለፍ የሚቻለው ግን በመርህ ደረጃ ለሁለት ብቻ ነው።

ጉዳት ከደረሰብህ ከሁሉ የሚከፋው መቸኮል ነው። አቡበከር በሰንዳውንስ ብዙ ጨዋታ ያሳጣው ጉዳት ነው። በራስህ ወጪም ቢሆን ሁለተኛ ሐኪም አማክር፤ የምስል ምርመራህን ቅጂ ያዝ።

8. ገንዘቡን ከአሥር ዓመት አንጻር አስላ

አጥቂ ፍጥነቱን የሚያጣው በሠላሳዎቹ መጀመሪያ ነው። በውጭ የምታገኘውን ገቢ ከስምንትና ከአሥር ዓመት በላይ እንደማይዘልቅ አድርገህ ቁጠር። ገቢህን በሦስት ክፈል፦ መኖሪያ፣ ቤተሰብ፣ የማይነካ ቁጠባ። ለወገን የምትልከውን በወር የተወሰነ አድርገው፤ «ዘንድሮ ይህን ያህል ነው» ማለት ከመደበቅ ይሻላል። ንግድ የምትጀምር ከሆነ ራስህ ሳታይ በዘመድ ስም አትክፈት።

9. መመለሻውን እየተጫወትክ አዘጋጅ

አገር ቤት መመለስ ውርደት አይደለም፤ ሳላዲንም ጌታነህም ተመልሰው በሊጋችን ጎል አግብተዋል። ልዩነቱ ተፈልጎ መመለስና ተባርሮ መመለስ ላይ ነው። ገና ሁለት ዓመት የሚያጫውት እግር ሲኖርህ ተመለስ። ከ28 ዓመትህ በኋላ የካፍን የአሰልጣኝነት ኮርስ ጀምር፤ ያሠለጠኑህን አሰልጣኞች የልምምድ ዕቅድ በማስታወሻ ያዝ።

ከመፈረምህ በፊት

ወረቀቱን ፊትህ አድርገህ አራት ጥያቄ መልስ። ከእኔ በፊት በዚህ ቦታ ማን ይሰለፋል? ካልተሰለፍኩ በየትኛው አንቀጽ እወጣለሁ? ደመወዜ ሁለት ወር ቢቀር ማስረጃዬ የት ነው? ይህ ክለብ ከሁለት ዓመት በኋላ ወደ የትኛው ክለብ ያደርሰኛል? የአንደኛውንና የሁለተኛውን መልስ ካላገኘህ ደመወዙ ምንም ያህል ይሁን አትፈርም፤ ወኪልህ መልሱን ይዞ እስኪመጣ ጠብቀው።